ሞተሩና የኢፍቱ ነጠላ

ኢቲቻ ቱሉ የኤሌክትሪክን ጉልበት የሚለካው በባቄላ ነበር። ሰው ይሳቅበት እንጂ ስሌቱ ስቶ አያውቅም። አንድ አምፖል አንድ ባቄላ ነው። ራዲዮኑም አንድ። ፍሪጁ እየሠራ ሳለ አራት ባቄላ ይበቃዋል፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ ግን አስራ ሁለት ካልጎረሰ አይንቀሳቀስም። የጉድጓዱ ውሃ መሳቢያ አስራ ሦስት፣ ያ ሆዳም ካውያ ደግሞ አስራ ሰባት። ሞተሩ የሚችለው ሃምሳ ነው። የተከለው ጣሊያን ግን፣ «ሃምሳ ይችላል ማለት ሃምሳ ጫንበት ማለት አይደለም፤ አህያህንስ እንዲህ ትጭናለህ?» ብሎት ስለ ሄደ፣ ኢቲቻ ከአርባ አሳልፎ አያውቅም። በሞተር ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ጣሳ ያስቀምጣል፤ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዲሠራ ሲፈቅድ ባቄላውን ቆጥሮ ካንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ያዛውራል። የወጥ ቤት ሴቶች፣ «ዛሬስ ልብስ የምንተኩስበት ባቄላ ተረፈ ወይ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱም ጣሳውን አየት አድርጎ፣ «ውሃው ተስቦ ሲያልቅ» ይላል እንጂ አይስቅም።

ቤቱ የወይዘሮ የማርያምወርቅ ነው። ከእንጦጦ ራጉኤል ወደ የካ በሚያወርደው መንገድ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ሰፊ ግቢ ነበር። የከተማው መብራት እዚያ ድረስ አልወጣም። ባላቸው ፊታውራሪው በ1946 ዓ.ም. «እኔ ከተማውን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም» ብለው ይህን የናፍጣ ሞተርና በቺንጋ የሚዞረውን ዲናሞ አስመጡ። መብራቱን ስምንት ወር አይተው ሞቱ።

ኢቲቻ ደግሞ ወሰን የሚባለው አገር ሰው ነው። ያኔ ወሰን ገብስ የሚታጨድበት አገር ነበር፤ እሱም የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ። ባለ መሬቱ መሬቱን ሲሸጥ ኢቲቻን አብሮ አልሸጠውም፤ ሜዳ ላይ ተወው። ኢቲቻም በሬዎቹን አውጥቶ ሸጠና አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብቶ መጥረግ ጀመረ። ጣሊያኑ ሞተሩን ሊተክል ወደ ኮረብታው ሲወጣ ዕቃ ተሸካሚ አድርጎ አመጣው፤ ሲወርድ ግን እዚያው ትቶት ወረደ፤ የኢቲቻ እጅ ብረት እንደሚገባው አይቶ ነበርና።

ከመሄዱ በፊት ሰዓት የመሰለ መለኪያውን በሚዞረው ብረት ጫፍ ላይ ደቅኖ፣ የናፍጣ መስጫውን ዘንግ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለሰ። መርፌው አንድ ሺህ አምስት መቶ ላይ ሲቆም እጁን አነሣ።

«በደቂቃ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዙር» አለ። «ከዚህ ከፈጠነ መብራቱ ይነጣል፤ ሰው ደስ ይለዋል፣ ዕቃው ግን ይቃጠላል። ከዘገየ አምፖሉ ይቀላል፣ ፍሪጁም እያቃሰተ ይሞታል። ሸክም ሲበዛበት ሞተሩ ይደክማል፤ ናፍጣ ትጨምርለታለህ። ሸክም ሲወርድለት ይፈነጥዛል፤ ትቀንስበታለህ። እኔ መለኪያዬን ይዤ መሄዴ ነው። ያንተ መለኪያ ጆሮህ ነው። ይህን ድምፅ ያዘው።»

ኢቲቻ ያዘው። ሞተሩ ፍጥነቱን በራሱ እንዲገታ የተሠራለት ስፕሪንግ ነበረው፤ እሱ በሁለት ዓመቱ ደክሞ ሥራውን ለኢቲቻ አስረከበ። ኢቲቻ ምሳውን እየበላ፣ ከሰው ጋር እያወራ፣ ግማሽ ጆሮው ሁልጊዜ እዚያ ነው። አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ሁለት አምፖል ቢያጠፋ፣ ሞተሩ ሊፈነጥዝ አፍ ሲከፍት እሱ ዘንጉ ላይ ደርሷል። ከታች ከከተማ የሚመጡ እንግዶች፣ «የእኛ መብራት ዐይኑን ያርገበግባል፤ የእርስዎ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል?» ብለው ወይዘሮዋን ይጠይቁ ነበር። እሳቸውም «ሰው አለኝ» ይላሉ። ያቺ «ሰው አለኝ» ለኢቲቻ ከደመወዝ በላይ ነበረች።

ጆሮ ግን ብረት አይደለም። ብረትም ቢሆን ያልቃል። በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከናፍጣ ሞተር ጋር ስድስት ዓመት መዋል ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉበት። ቀጥሎ የራጉኤል ደወል ጠፋበት። በ1952 ክረምት አንድ ቀን ሞተሩን ዘግቶ ሲወጣ ትከሻው ረጠበ። ቀና ቢል የሚወርደው በረዶ ቀላቅሎ ነው፤ ሲያወርድ የቆየው ደግሞ እሱ ከሥሩ ተቀምጦ በነበረበት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ አልሰማውም። ቆሞ ተደበደበ።

ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? በዚያ ግቢ የሚኖረው በጆሮው ነው። ከሞተር ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል የተሰጠችው በጆሮው ነው። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ልጅ እግዜር አልሰጠው። ጆሮው መሞቱ የታወቀ ቀን የሚቀረው ወደ ራጉኤል ወጥቶ ከነዳያኑ ጋር መቀመጥ ነው። ስለዚህ ሰው ሲያናግረው «እሺ» ማለት ለመደ። ምሳ በልተሃል ሲሉት እሺ፣ እንዴት አደርክ ሲሉት እሺ።

ሚስቱ ኢፍቱ በሳምንቱ ዐወቀችበት። ከጀርባው ቆማ «አንተ ሰው» ብላ ጠራችው፤ አልዞረም። ደግማ ጠራችው፤ አልዞረም። ሦስተኛ አልጠራችውም። ዞራ ፊት ለፊቱ መጣችና መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገች። ኢቲቻ አለቀሰ። እሷ ግን የምታለቅስ ሴት አልነበረችም።

«እኔ ከዚህ ሞተር ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ተኝቻለሁ» አለችው፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ። «ድምፁን ካንተ ባልበልጥ አላንስም። እኔ እሰማለሁ፤ አንተ እጅህን አንቀሳቅስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በበራ ቁጥር ኢፍቱ ሞተር ቤቱ ደጃፍ ላይ አለች። ጥጥ ትፈትላለች፣ እህል ትለቅማለች፤ ያያት ሰው ባሏን የምትወድ ሴት ናት ይላል እንጂ ሌላ ይጠረጥራል ብሎ ኢቲቻ አይፈራም። ሞተሩ ሲደክም የነጠላዋን ጫፍ ከፍ ታደርጋለች፤ ኢቲቻ ናፍጣ ይጨምራል። ሲፈነጥዝ ዝቅ ታደርጋለች፤ ይቀንሳል። ልክ ሲሆን ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ሥራው ሲያበቃ የነጠላውን ጫፍ መሬት ታስነካለች፤ ዝጋ ማለት ነው። ሲዘጋ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዛ ትመጣለች፤ እሱ በዘይት የጠቆሩ እጆቹን ደጃፉ ላይ ይዘረጋል፣ እሷ ታፈሳለች። አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በዚያ አራት ዓመት አንድ ዕቃ አልተቃጠለም።

ኢቲቻ ደግሞ የራሱን መላ ጨመረ። ከሞተሩ በላይ አንድ አምፖል አንጠልጥሎ «ምስክሬ» አለው። ልክ በሆነው ፍጥነት ላይ ምስክሩ ምን ያህል እንደሚደምቅ በዐይኑ አጠና፤ የገና ቅቤ የመሰለ ብጫ ነው። ኢፍቱ ምስክሩን አትወደውም ነበር። «ይህ አምፖል ያሳይሃል እንጂ አይነግርህም» ትለዋለች።

በ1956 ሐምሌ ዝናቡ አላባራም። ወይዘሮዋ እንግዶች አሉባቸውና ሞተሩ በየቀኑ ረጅም ሰዓት ይሠራል። ኢፍቱ ደጃፉ ላይ ናት። ውስጥ እንዳትገባ የሞተሩ ጩኸት ልዩነቱን ይውጥባታል፤ ትንሽ ራቅ ካላለች አይለይላትም። ኢቲቻ በእጁ «ግቢ፣ ግቢ» ይላታል። እሷ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትስቃለች። ልክ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ከሳል ወደ ሳምባ ምች ሄደ። ነሐሴ አንድ ቀን የካ ሚካኤል ቀበሯት። በዝናብ ያቆማት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ኢቲቻ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጠይቃል፤ መልሱንም ያውቀዋል።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሞተሩ እንዳይነሣ አዘዙ። ግቢው በፋኖስ ሰነበተ። ነገር ግን መስከረም አንድ ቀን ራጉኤል ነው። ንግሡን ውሎ የሚወርደውን ሕዝብ አብልቶና አጠጥቶ መሸኘት የፊታውራሪው ስእለት ነው፤ ስማቸው የሚነሣበትም ያ ቀን ነው። ገና የኢፍቱ አርባ ሳይወጣ ዘበኛው በዳዳ መልእክት ይዞ መጣና በእጁ እያመለከተ ቀስ ብሎ ነገረው፤ ኢቲቻ ቢችል እንዲያበራ፣ ባይችል ግን ግድ የለም። «ሀዘንተኛ ነኝ» ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን እንቢ ካልኩ ሌላ ሰው ያመጣሉ፣ ሌላ ሰው ከመጣ እኔ አበቃልኝ ብሎ አሰበ። «እሺ» አለ።

በዳዳ የወሰን ልጅ ነው፤ ከኢቲቻ ጋር አብረው አርሰዋል። በነሱ ደንብ ሀዘንተኛ አርባው ሳይወጣ ገበያ አይወርድም፤ የሚያስፈልገውን ጎረቤት ያሟላለታል። ስለዚህ በጳጉሜ ሞተር ቤቱን በዳዳ ጠረገለት፣ ናፍጣውን ሞላለት። ቀና ቢል ያ ምስክር የተባለው አምፖል በዕድሜ ብዛት እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ፈትቶ መስኮቱ ላይ፣ ከባቄላው አጠገብ አኖረውና ሌላ ሊገዛ ሾላ ገበያ ወረደ።

ባለሱቁ ይማም ለማን እንደሆነ ጠየቀው። ሚስቱ ለሞተችበት ለኢቲቻ፣ ለሞተሩ ሰው መሆኑን ሲሰማ ከመደርደሪያው ያወረደውን አምፖል መልሶ ሰቀለው።

«እንዲህ ዓይነቱን አልሰጥህም፤ ቶሎ ይቃጠልበታል» አለ። «ይህኛው ለወፍጮ ቤቶች የሚመጣ ነው። ኃይል ቢበዛበትም አይበገርም። ዋጋውን ተወው። ሚስቱን አላህ ይማርለት በልልኝ።»

በዳዳ መርቆት ተመለሰና አምፖሉን አጠለቀው። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ኢቲቻ ጥቁሩን አምፖል ይዞ በሰላም ያበራ ነበር። የሌላው አምፖል ሁሉ ቂጥ ላይ 220 ተብሎ ተጽፏል፤ በዚህኛው ላይ የተጻፈው 250 ነው። ለ220 በሚበቃው ፍጥነት ይህ አምፖል ፍም መስሎ ይቀላል እንጂ አይደምቅም። በዳዳ ይህን ከየት ያውቃል? ኢቲቻስ ወንድሙ የገዛለትን አምፖል ቂጥ ገልብጦ ምን ያያል?

መስከረም አንድ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ኢቲቻ ባቄላውን ቆጠረ። ለቤቱ አስራ ሁለት፣ ለእንግዶቹ ዳስ አራት፣ ለራዲዮኑ አንድ፣ ለፍሪጁ አራት። ሃያ አንድ። ሸክሙ ልከኛ ነው። ሞተሩን አስነሣ፤ መዳፉን ቢያስነካው ተንቀጠቀጠለት። መዳፍ ሞተሩ መነሣቱን ይነግራል፤ ስንት እንደሚዞር ግን አይነግርም። እንደ ልማዱ ወደ ደጃፉ ዞረ። ደጃፉ ባዶ ነው። ከኢፍቱ ሞት ጀምሮ ብዙ አልቅሷል፣ ያቺ ባዶ ደጃፍ ግን ከቀብሩ ባሰችበት።

ምስክሩን አየ። ቀልቷል። ብርድ ላይ ብዙ የተኛ ሞተር ነውና ደክሟል ብሎ ናፍጣ ጨመረ። አሁንም ቀይ ነው። ጨመረ። ኢፍቱ ብትኖር ነጠላዋ መሬት እስኪነካ ዝቅ ባለ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል፣ እሱ ግን በዝምታ ውስጥ ቆሞ አምፖል ያያል። ምስክሩ ቀስ በቀስ ብጫ ሆነ፤ የገና ቅቤ መሰለ። ኢቲቻ እጁን ከዘንጉ ላይ አነሣ። «ያለ አንቺም ቻልኩት» አለ በልቡ፤ ወዲያው ባሰበው ነገር አፈረ።

ዳሱ ውስጥ ብርሃኑ ወተት ሆነ። ሴቶቹ ለአዲሱ ዓመት የተዘጋጀ ነገር መስሏቸው እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ አንድ አምፖል ጠፋ። አንድ አምፖል ሲጠፋ ከሞተሩ ላይ አንድ ባቄላ ወረደ ማለት ነው፤ ሸክም የቀለለት ሞተር ደግሞ ይፈነጥዛል። ፈነጠዘ፤ ሁለተኛው ጠፋ። ሲቀልለት እየፈጠነ፣ ሲፈጥን እያቃጠለ፣ አምፖሎቹን እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ጨረሳቸው። ራዲዮኑ ዜማ እያሰማ ሳለ ተነፈሰና ዝም አለ። ፍሪጁ ጭስ ተፋ፤ ጓዳው ውስጥ የነበሩት ሴቶች እሳት ነው ብለው ወጡ። በዳዳ «ዝጋ፣ ዝጋ» እያለ በግቢው ሮጠ። ሞተር ቤቱ ሲደርስ ኢቲቻ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አምፖሉን ሽቅብ እያየ ቆሟል፤ ልቡ ግን ኢፍቱ ዘንድ ነበርና ምስክሩ መንጣቱን አላስተዋለም። በዳዳ ትከሻውን ይዞ ወደ ጨለመው ግቢ ካዞረው በኋላ ነው ኢቲቻ ነገሩ የገባው። በዚያ ሁሉ ግቢ ያልተቃጠለው ምስክሩ ብቻ ነበር።

ሞተሩን ዘጋ። እንግዶቹ በጧፍ በሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኢቲቻ አዲሱን አምፖል ፈታው። ቂጡን ገለበጠ። ቁጥር ማንበብ ያውቃል። 250። ጥቁሩን አንሥቶ አየ። 220። ሁለቱን አጠጋግቶ ቁጥራቸውን ደግሞ አነበበ። ከዚያ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀና አለ። ጥፋቱ የጆሮ አይደለም! የአምፖል ነው! ይህን ለማንም ማሳየት ይቻላል፤ ቁጥሩ በብረት ላይ ተጽፏል። እሜቴ ካዩት ይገባቸዋል። ጥቁሩን አምፖል መልሶ አጠለቀና ሞተሩን አስነሣ። ቀስ ብሎ፣ ጥቁረቱን አስቦ፣ ብርሃኑን ድሮ እንደሚያውቀው አደረገው። በዳዳንም፣ «እሜቴን ጥራልኝ፤ የማሳያቸው አለኝ» ብሎ ላከው።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ መጡ። በአስር ዓመት አንድ ቀን ወደ ሞተር ቤቱ ወርደው አያውቁም ነበር። ደጃፉ ላይ፣ ኢፍቱ በምትቆምበት ቦታ ላይ ቆሙ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ኢቲቻ ሳይጠብቅ ጀመረ።

«እሜቴ፣ ጥፋቱ የዚህ አምፖል ነው፤ ቁጥሩን ይዩት። በዳዳ ለእኔ ብሎ ነው፤ እሱን አይቆጡት። አሁን እንደ ድሮው ነው፤ ያዳምጡት፣ ልኩ ላይ ነው።»

ወይዘሮዋ አዳመጡት። አምፖሉን አላዩም፤ እሱን ነው የሚያዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ኢቲቻ ደስ ባለው ነበር፤ የነበረው ሀዘን ነው። እንደገና አንድ ነገር ተናገሩ።

«እሺ» አለ ኢቲቻ።

ያኔ ወይዘሮዋ መናገሩን ተዉት። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ፣ ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉትና መሬት አስነኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ኢፍቱ ባሏን ደረቱን ይዛ ባጽናናችበት በዚያው ሳምንት ከወይዘሮዋ እግር ላይ ወድቃ ነበር። «ባሌ አይሰማም፤ እኔ እሰማለታለሁ፣ በነጠላዬም ምልክት እሰጠዋለሁ፤ እንዳይባረርብኝ» አለች። እሳቸውም «አንቺ እስካለሽ ማን ይነካዋል» ብለው አነሧት። ከዚያ ወዲህ በዳዳም፣ የወጥ ቤት ሴቶችም፣ ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም አብረው ደበቁለት፤ ከእሱ ከራሱ። «ሰው አለኝ» ሲባል ማን ማለት እንደነበረ ኢቲቻ ያን ጠዋት ገባው። ሰው የነበረችው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የለችም።

ናፍጣውን ዘጋ። መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ መንቀጥቀጡ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ፣ ሳያስበው፣ አራት ዓመት እንዳደረገው ወደ ደጃፉ ወጣና ሁለት በዘይት የጠቆሩ እጆቹን ውሃ እንዲፈስባቸው ዘረጋ። ወይዘሮዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት እየሄዱ ነበር። ኢቲቻ እጆቹን ቶሎ አላጠፈም።